የመጀመሪያው ሸክላና የአዝማሪው ጅምር

ሮሊንግ ስቶን የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2013 የምንጊዜም ምርጥ ያላቸውን 100 የመጀመሪያ አልበሞች በደረጃ ሲደረድር፣ በቁንጮው ያስቀመጠው የቢስቲ ቦይስን የ1986 ሥራ ነበር። ከጂሚ ሄንድሪክስ ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለው ክርክር ለሂስ ብዙም አይፈይድ። መመርመር ያለበት ሚዛኑ ራሱ ነው፤ ለመሆኑ አልበም የድምፃዊ መነሻ ነውን?

በአገራችን የሙዚቃ ታሪክ አይደለም። አምሃ እሸቴ የሀገር ፍቅር ማኅበር ይዞት የነበረውን ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት ተጋፍቶ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያወጣ፣ ዓለማየሁ በፖሊስ ኦርኬስትራ የተፈተነ፣ መድረክ የለመደ ድምፃዊ ነበር። ያውም የወጣው ሁለት ዘፈን የያዘ ትንሽ ሸክላ እንጂ አልበም አልነበረም። ሸክላው የመዘገበው የግል አሳታሚውን ጅምር እንጂ የዘፋኙን አይደለም።

ከከተማው ኦርኬስትራ ወጣ ሲባል ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል። ከጎንደር በዳባት አልፎ ደባርቅ በሚደርሰው መንገድ ዙሪያ፣ በሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ አዝማሪ ሙያውን የሚማረው ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ጎን ሆኖ ነው። በሠርግና በጠላ ቤት ታዳሚው ስንኝ ይሰጠዋል፤ እርሱም ተቀብሎ፣ ከአንዲቱ የማሲንቆ ጭራ ጋር አስማምቶ ይመልስለታል። እንግዲህ የግጥሙ ባለቤት ግማሹ አድማጩ ነው። የዚህ ሰው «የመጀመሪያ ሥራ» የትኛው ነው? ካሴት ከመጣ ወዲህ እንኳ ድምፃቸው የተቀረጸላቸው ጥቂቶች ናቸው። የታተመውን ብቻ የሚቆጥር ሃያሲ ለስቱዲዮ መቅረብን የችሎታ ብልጫ አድርጎ ይወስዳል። የደባርቅን አዝማሪ በእውነት ሊመዝን የሚሻ፣ ከአንዱ ሠርግ ወደ ሌላው ተከትሎት ያው ዜማ በየአድማጩ ፊት እንዴት እንደሚለወጥ ይመዝግብ።