መሥራቾችና ወንበራቸው፤ ስለ ኢንፎሲስ ኩባንያ መሪዎች የቀረበ ትችት

ታላላቅ ኩባንያዎች በየዓመቱ በሚያወጡት የሥራ መግለጫ ውስጥ የመሪዎቻቸውን ፎቶግራፍ አሰልፈው ከእያንዳንዱ ሥር የተማረበትን ዩኒቨርሲቲና ያገለገለበትን ዘመን ይጽፋሉ። ይህን የሚመለከት አንባቢ ሁሉም ሊቃውንት፥ ሁሉም ትጉሃን፥ ሁሉም አንድ ልብ መስለው ይታዩታል። ነገር ግን ሊያውቀው የሚገባውን ዋናውን ነገር፥ ይኸውም ማን ማንን እንደሚቈጣጠር፥ ማን ማንን ለመሻር ሥልጣን እንዳለውና ከሥልጣኑ የወጣው ሰው ከወጣ በኋላ ምን እንደሚያደርግ፥ ከዚህ ዓይነቱ መግለጫ ሊያገኘው አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ በአንድ በታወቀ የሕንድ ኩባንያ ላይ መመርመር ነው። ኩባንያው ኢንፎሲስ ይባላል። በጽሑፉ ውስጥ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚገኙ ባንኮች፥ ፋብሪካዎችና የንግድ ድርጅቶች ኮምፒዩተሮቻቸው የሚሠሩባቸውን ፕሮግራሞች የሚያዘጋጅላቸውና የሚጠብቅላቸው ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ሁሉ ባለሙያ በአገራቸው ደመወዝ ቀጥረው ከማሠራት ይልቅ ሥራውን በኮንትራት ለውጭ አገር ኩባንያ ይሰጣሉ። ኩባንያውም ጥቂት ሰዎችን ከደንበኛው ዘንድ አስቀምጦ ፍላጎቱን ያጠናል፤ የቀረውን ሥራ በአገሩ ያሉት ብዙዎቹ መሐንዲሶች ይፈጽሙታል። አሜሪካዊው ሲተኛ ሕንዳዊው ይሠራል። ትርፉ በዋነኛነት ከደመወዝ ልዩነት የሚገኝ ነው። እንዲህ ያለው ኩባንያ የማዕድን ጉድጓድም ሆነ የእርሻ መሬት የለውም፤ ሀብቱ ሠራተኛውና መታመኑ ብቻ ነው። ደንበኛው የሒሳቡን መዝገብና የገበያውን ምስጢር በዓይኑ ላላየው ሰው አሳልፎ ይሰጣልና። እንግዲህ በዚህ ንግድ የመሪዎቹ ጠባይ ራሱ ከሚሸጠው ዕቃ አንዱ ክፍል ነው ማለት ይቻላል።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፥ ከአመሠራረቱ እንጀምር። በ1981 ሰባት መሐንዲሶች ፓትኒ ከሚባል የኮምፒዩተር ድርጅት ሥራቸውን ለቀው በፑኔ ከተማ ኢንፎሲስን አቋቋሙ። የማኅበሩ አንቀሳቃሽ ሚስተር ናራያና ሙርቲ ነበሩ። የመነሻው ገንዘብ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሱዳ ሙርቲ ከቈጠቡት ያበደሩት 10,000 ሩፒ ነው። በ1983 ኩባንያው ወደ ባንጋሎር ተዛወረ። ከሰባቱ አንዱ በ1989 ተለዩ፤ የቀሩት ስድስቱ ጸኑ። በ1993 አክሲዮኑ ለሕንድ ሕዝብ ተሸጠ። በ1999 ኢንፎሲስ ናስዳክ በሚባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ የመጀመሪያው የሕንድ ኩባንያ ሆነ። በ2004 የዓመት ገቢው 1 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ዛሬ ከ300 ሺህ በላይ ሠራተኞች አሉት።

መሥራቾቹን ከሌሎች የሕንድ ባለሀብቶች የለያቸው ግን የገንዘቡ ብዛት ብቻ አልነበረም። በሕንድ አገር ታላላቅ የንግድ ቤቶች ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ የኖሩ ናቸው። የኢንፎሲስ መሥራቾች በራሳቸው ላይ ሁለት ሕጎች አወጡ። አንደኛው፥ ሚስትና ልጆች በኩባንያው ውስጥ እንዳይሠሩ የሚከለክል ነው። ወይዘሮ ሱዳ ሙርቲ ራሳቸው መሐንዲስ ሲሆኑ፥ ገንዘቡም የእርሳቸው ሲሆን፥ በዚህ ምክንያት ከሥራው ውጭ ቀርተዋል። ሁለተኛው፥ ሥራ አስፈጻሚዎች 60 ዓመት ሲሞላቸው ከዕለት ሥራ እንዲያርፉ የሚያዝ ነው። ሚስተር ሙርቲ በ2006 ስድሳ ዓመት ሲሞላቸው የዕለት ሥራ የሌለበትን ሊቀ መንበርነት ብቻ ይዘው ቈዩ፤ በ2011 በ65 ዓመታቸው ይህንንም ትተው ወጡ። ሥልጣንን በፈቃድ መልቀቅ በማይዘወተርበት ዓለም ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ ተመስግኗልም።

ሆኖም የተመሰገነው ሕግ አንድ ጉድለት ነበረበት። ሕጉ መሥራቾቹ መቼ እንደሚወጡ ይናገራል እንጂ ማን እንደሚተካቸው አይናገርም። ይህን ክፍት ቦታ ተራ ሞላው። ሚስተር ሙርቲ ከ1981 እስከ 2002፥ ሚስተር ናንዳን ኒለካኒ ከ2002 እስከ 2007፥ ሚስተር ክሪስ ጎፓላክሪሽናን ከ2007 እስከ 2011፥ ሚስተር ሺቡላል ከ2011 እስከ 2014 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ሠሩ። አራቱም መሥራቾች ናቸው። ዘመናቸውን ብንቈጥር 21፥ 5፥ 4 እና 3 ዓመት ይሆናል፤ ወንበሩ እንደ ዕቁብ ዙር እየተፋጠነ ሄደ ማለት ነው። እያንዳንዳቸው ችሎታ አልነበራቸውም አንልም። የምንለው ይህን ነው፤ ማኅበሩ ለ33 ዓመታት ከመሥራቾቹ ውጭ አንድም ሰው ለዋናው ወንበር ባለማብቃቱ፥ ከሥር ያሉት ባለሙያዎች ወንበሩ ለእነርሱ እንዳልሆነ ተረዱ። በ2012 ከኢንፎሲስ ዘግይቶ የተቋቋመው ኮግኒዛንት በገቢ ቀደመው። የተራ ሹመት ዋጋው በዚህ ጊዜ ታየ።

መድኃኒቱ ደግሞ ከበሽታው ጋር የሚመሳሰል ሆነ። በሰኔ 2013 የዲሬክተሮቹ ቦርድ የ66 ዓመቱን ሚስተር ሙርቲን ከዕረፍታቸው ጠርቶ የሥራ አስፈጻሚነት ሥልጣን ያለው ሊቀ መንበር አደረጋቸው። እርሳቸውም ልጃቸውን ዶክተር ሮሃን ሙርቲን ረዳት አድርገው ይዘው መጡ። አባትና ልጅ ለየራሳቸው በዓመት 1 ሩፒ ብቻ ደመወዝ ስለ ተቀበሉ በገንዘብ የሚነቀፉበት ነገር የለም። ነገር ግን ሁለቱ ሕጎች፥ የዕድሜውም የቤተሰቡም፥ በአንድ ቀን ታለፉ። ያለፏቸውም ሕጎቹን ያወጡት ሰው ናቸው። በሚቀጥለው አንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ከፍተኛ ኀላፊዎች ኩባንያውን ጥለው ሄዱ፤ ከእነዚህም መካከል ለዋናው ወንበር ይታጩ የነበሩ አሉ።

በ2014 አባትና ልጅ ወጥተው፥ መሥራች ያልሆነ የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ተሾመ፤ ይኸውም ከጀርመኑ ሳፕ ኩባንያ የመጡት ዶክተር ቪሻል ሲካ ናቸው። ዶክተር ሲካ የኩባንያውን ገቢ በ2020 ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ዐቀዱ። ከደመወዝ ልዩነት የሚገኘው ትርፍ ለዘለዓለም እንደማይኖር ስለ ተረዱ፥ ኩባንያውን ሰው ከማከራየት አውጥተው አዲስ ነገር ወደ መፍጠር ሊመልሱት ፈለጉ። አሳቡ ትክክል ነበር። ቍጥሩ ግን ከዐቅም በላይ ሆነ፤ በ2020 በተዘጋው የበጀት ዓመት ገቢው 13 ቢሊዮን ዶላር አልሞላም። ደግሞም ዶክተር ሲካ የባንጋሎሩን ኩባንያ በአብዛኛው ከካሊፎርኒያ ሆነው ይመሩ ነበር።

በየካቲት 2017 መሥራቾቹ ተቃውሟቸውን በአደባባይ አሰሙ። ቅሬታቸው በሦስት ነገር ነበር። 1ኛ/ የዋና ሥራ አስፈጻሚው ደመወዝ እጅግ ከፍ ማለቱ፤ 2ኛ/ ለተሰናበተው የገንዘብ ኀላፊ የ24 ወር ደመወዝ ያህል ሊከፈለው መስማማታቸው፤ 3ኛ/ ፓናያ የሚባለው የእስራኤል ኩባንያ በ2015 በ200 ሚሊዮን ዶላር የተገዛበት ሁኔታ። ስለ ፓናያ ባለቤቱ ያልታወቀ የክስ ደብዳቤ ደርሶ ስለ ነበር ቦርዱ በውጭ ጠበቆች አስመረመረ፤ ምርመራውም ጥፋት አልተገኘም አለ። መሥራቾቹ ሙሉው ሪፖርት ይታተም ብለው ጠየቁ፤ ቦርዱ እንቢ አለ። ክርክሩ በጋዜጦች ለወራት ከቈየ በኋላ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዶክተር ሲካ ሥራቸውን ለቀቁ። ቦርዱም ጥፋቱን በሚስተር ሙርቲ ላይ የሚጥል መግለጫ አወጣ። በዚያው ዕለት የአክሲዮኑ ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ወረደ።

እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት የሚወድ ሰው ሁለት ቀላል መንገዶች አሉት። አንደኛው መሥራቾቹን «ሥልጣን የናፈቃቸው ሽማግሌዎች» ብሎ መተው ነው። ሁለተኛው ቦርዱን «የሰው ገንዘብ በታኝ» ብሎ መኰነን ነው። ሁለቱም አያጠግቡም።

መሥራቾቹ መጠየቃቸው ስሕተት አልነበረም። ባለአክሲዮን ካልጠየቀ ምን እንደሚደርስ ሳትያም የተባለው የሃይደራባድ ኩባንያ አስቀድሞ አሳይቷል። የሳትያም መሥራችና ሊቀ መንበር ሚስተር ራማሊንጋ ራጁ በታኅሣሥ 2008 የቤተሰባቸውን ሁለት ኩባንያዎች በሳትያም ገንዘብ ሊገዙ ሲሉ ቦርዱ ተስማምቶ ነበር፤ ግዢውን ያስቀረው የባለአክሲዮኖቹ ቍጣ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፥ ጥር 7 ቀን 2009፥ ሚስተር ራጁ የኩባንያውን ሒሳብ ለዓመታት ሲያስዋሹ መኖራቸውን በደብዳቤ አመኑ። በዚያ ቦርድ ውስጥ የታወቁ ሊቃውንት ተቀምጠው ነበር። የሊቃውንት ፎቶግራፍ መደርደሩ ለቍጥጥር ዋስትና አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ስለዚህ በኢንፎሲስ መሥራቾች ላይ የምንሰነዝረው ነቀፋ በጥያቄያቸው ላይ ሳይሆን በመንገዳቸው ላይ ነው። መሥራቾቹና ቤተሰቦቻቸው በዚያን ጊዜ የያዙት አክሲዮን 13 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህ ድርሻ በጠቅላላ ጉባኤ ለመከራከርና በቦርዱ ውስጥ ወኪል እንዲቀመጥላቸው ለመጠየቅ ይበቃል፤ ሥራ አስፈጻሚን ለመሾምና ለመሻር ግን አይበቃም። እነርሱ የተጠቀሙት በአክሲዮናቸው ሳይሆን በስማቸው ነው። ስም ድምፅ አይቈጠርለትም፥ ወሰንም የለውም። ከወንበር የወረደ ሰው በስሙ ብቻ ወንበሩን የሚያነቃንቅ ከሆነ፥ የጡረታው ሕግ የወረቀት ሕግ ሆኖ ይቀራል። ሚስተር ሙርቲ ራሳቸው በ2017 በ2014 ከኩባንያው መውጣታቸው እንደሚጸጽታቸው በግልጽ ተናግረዋል። ሕጉን ያወጣው ሰው ሕጉን በመፈጸሙ ከተጸጸተ፥ ተተኪው በምን ይተማመናል?

የቦርዱም ጥፋት ቀላል አይደለም። ኩባንያው ስሙን ያተረፈው ሒሳቡን ገልጦ በማሳየት ነው። ግልጽነትን ሲሸጥ የኖረ ቤት ራሱ በተጠየቀ ጊዜ «መርምረናል፥ እመኑን» ማለቱ አላዋጣውም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሚስተር ኒለካኒ ሊቀ መንበር ሆነው ተመለሱ። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለክርክራችን ዋና ማስረጃ ነው። መሥራች የሆኑት ሚስተር ኒለካኒ የሚመሩት ቦርድ ጉዳዩን እንደ ገና አይቶ፥ በጥቅምት 2017 የቀድሞውን የምርመራ ውጤት አጸና፤ ሙሉውን ሪፖርትም አላሳተመም። እንግዲህ የተለወጠው ማስረጃው ሳይሆን የተናገረው ሰው ነው። አንዱ ሲናገር ያልታመነው ቃል ሌላው ሲናገረው ጸጥታ አመጣ። ይህ ለሚስተር ኒለካኒ ክብር ነው፤ ለኩባንያው ሥርዓት ግን ነቀፋ ነው።

ለማነጻጸር ያህል ታታ ኮንሰልታንሲ ሰርቪስስን እንመልከት። በ1968 የተቋቋመው ይህ ኩባንያ ሚስተር ኮህሊን፥ ቀጥሎም ሚስተር ራማዶራይን እስከ 2009፥ ሚስተር ቻንድራሴካራንን እስከ 2017፥ ሚስተር ጎፒናታንን እስከ 2023 ዋና መሪዎች አድርጎ አሳልፏል። ሁሉም በቤቱ ውስጥ ያደጉ ቅጥር ባለሙያዎች ናቸው። ለምን ቢሉ፥ ባለቤቱ በግልጽ የታወቀ ነው፤ አብዛኛው አክሲዮን የታታ ሳንስ ነውና ሥራ አስፈጻሚው አለቃው ማን እንደ ሆነ ያውቃል። በእርግጥ የታታም ቤት ከጠብ አልዳነም፤ በ2016 የታታ ሳንስ ሊቀ መንበር ተሽረው ጡረታ የወጡት ሚስተር ራታን ታታ ለጊዜው ተመልሰዋል። ነገር ግን ጠቡ የተጀመረው በባለቤቱ ቤት ነው፤ የሶፍትዌሩ ኩባንያ ሥራ አልታወከም። በኢንፎሲስ ግን ባለቤትነቱ ለብዙ ሺህ ባለአክሲዮኖች ተከፋፍሎ ሳለ፥ የባለቤትነት ስሜቱ ከመሥራቾቹ ልብ አልወጣም ነበር።

ከጥር 2018 ጀምሮ ከካፕጄሚኒ የመጡት ሚስተር ሳሊል ፓሬክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነዋል፤ በ2022ም እስከ መጋቢት 2027 እንዲቈዩ ሹመታቸው ታድሷል። ኩባንያው ረግቷል፥ ገቢውም አድጓል። ነገር ግን መሥራቹ በሊቀ መንበርነት ከአጠገባቸው ተቀምጠው የመጣ ጸጥታ ስለ ሆነ፥ ፈተናው አልፏል ለማለት አያስችልም። ፈተናው የሚታወቀው ከመሥራቾቹ አንድም ሰው በሌለበት ቀን፥ የተሾመው ሰው ሲሳሳት ወይም ሲከሰስ፥ ቦርዱ በራሱ ቃል ብቻ ሊታመን የቻለ እንደ ሆነ ነው።

በአጭሩ የኢንፎሲስ መሥራቾች በሦስት ነገር ይመሰገናሉ፤ ከትንሽ ገንዘብ ተነሥተው ታላቅ ሥራ መሥራታቸው፥ ሀብቱን ከሠራተኞቻቸው ጋር መካፈላቸው፥ ልጆቻቸውን ከውርስ ሹመት ለማራቅ ማሰባቸው። የሚነቀፉት በአንድ ነገር ነው፤ ለራሳቸው ያወጡትን ሕግ የሚያስከብር ከራሳቸው በቀር ሌላ ዳኛ አላቆሙለትም። ሕግ አውጪውና ሕግ ጠባቂው አንድ ሰው በሆነበት ቤት፥ ሕጉ የሚጸናው ሰውየው ደስ እስካለው ድረስ ብቻ ነው። የሥራ አመራርን ትምህርት የምንማር ሁሉ ስለ አንድ ኩባንያ መሪዎች ስንጽፍ፥ ከፎቶግራፉና ከዲግሪው ዝርዝር አልፈን ይህን ብንጠይቅ ይሻላል፤ ትናንት በዚህ ወንበር የነበረው ሰው ዛሬ የት ነው? ዝምስ ለማለት ይችላልን?