ኢንተር ብቻ ሲበቃ፦ የኤክሴል አሬይ ፎርሙላ አሮጌና አዲስ መልክ

ብዙ ሴሎችን በአንድ ጊዜ የሚያሰላው አሬይ ፎርሙላ ከኤክሴል ጠንካራ መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ አጻጻፉ ግን ለዓመታት ሰው ሲያሳስት ኖሯል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ያስተዋወቀው ዳይናሚክ አሬይ ይህን ግድፈት አርሟል፤ ጣጣውን ሁሉ ግን አልጨረሰም።

የአንድ ሱቅ ሽያጭ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ረድፍ ተመዝግቧል እንበል፦ ብዛቱ 3፣ 5 እና 2፤ የአንዱ ዋጋ 40፣ 20 እና 100 ብር። ሁለቱን ዓምዶች አባዝቶ የሚደምር ፎርሙላ 420 ብር መስጠት አለበት። በቀድሞው ኤክሴል ይህንኑ በሦስተኛው ረድፍ ጽፎ ኢንተር ብቻ የተጫነ ሰው ግን 100 ያገኛል፤ ፕሮግራሙ የዚያን ረድፍ ብዛትና ዋጋ ብቻ ያባዛልና። የስህተት ምልክት አይታይም። ከዝርዝሩ በታች ቢጻፍ ደግሞ የቫልዩ ስህተት ይወጣል።

420 የሚገኘው ኮንትሮልና ሺፍት እንደተያዙ ኢንተር ሲጫን ነው። ያኔ ኤክሴል ራሱ ፎርሙላውን በጥምዝ ቅንፍ ይከብበዋል። ቅንፉን በእጅ የጻፈ ሰው የሚቀርለት ተራ ጽሑፍ ነው፤ ፎርሙላውን አስተካክሎ በኢንተር ብቻ የወጣም ቅንፉን ያጣል። የንድፉ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፦ የስሌቱ ትርጉም በጽሑፉ ሳይሆን በጣት ልማድ ይወሰናል። ጉግል ሺትስ እዚህ ላይ ይሻላል፤ ሦስቱ ቁልፎች ሲጫኑ «አሬይፎርሙላ» የሚለው ፈንክሽን በግልጽ ይጨመራል።

ዳይናሚክ አሬይ ባለው አዲሱ ኤክሴል ኢንተር ብቻ ይበቃል። ውጤቱ ብዙ ከሆነ ወደ ቀጣዮቹ ሴሎች ይዘረጋል፤ ቦታው ከተያዘ የስፒል ስህተት ይመጣል። የአንድ ረድፍ ዋጋ ብቻ የፈለገ ደግሞ የኤት ምልክት (@) ይጽፋል። ስለዚህ ፋይሉን የሚመረምር ሰው የጸሐፊውን ሐሳብ ከፎርሙላው ማንበብ ይችላል።

ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም። ውጤቱ በኤክሴል ቴብል ውስጥ አይዘረጋም፤ የተዋሃዱ ሴሎችም ያግዱታል። ኤክሴል 2019 ዳይናሚክ አሬይን ስለማያውቅ ፎርሙላው እዚያ ሲከፈት ቅንፉ ይመለሳል፤ ለማስተካከልም ሦስቱ ቁልፎች ያስፈልጋሉ። ፋይሉ በተለያየ ዕድሜ ባላቸው ኮምፒውተሮች መካከል የሚዘዋወር ከሆነ ለእንዲህ ዓይነቱ ድምር ሰምፕሮዳክት የተባለውን ፈንክሽን መምረጥ ይበጃል፤ በአሮጌውም በአዲሱም በኢንተር ብቻ 420 ይሰጣል።