ሳቅና ጥያቄ
በአሜሪካ የምሽት ቀልደኞች ፊት ስለሚቀርቡ የፖለቲካ ሰዎች

ሳቅ ለሰው ልጅ ከተሰጡት ጸጋዎች አንዱ መሆኑን የሚክድ የለም። የደከመውን ያሳርፋል፤ የተኳረፈውን ያስታርቃል፤ በግልጥ ቢናገሩት የሚያስቆጣውንም እውነት በለዛ አዋዝቶ ለማስዋጥ ይችላል። ነገር ግን አባቶቻችን «ጥርስ ባዳ ነው» ሲሉ የተናገሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥርስ ልብ ያልተቀበለውንም ነገር አይቶ ይከፈታል፤ የሚስቅለትንም ሰው ማንነት አይመረምርም። ስለዚህ ሳቅን የሚያስነሣ ሰው፥ ሳቁ ለማን እንደሚጠቅም የማሰብ ዕዳ አለበት። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ዕዳ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ አገር በየምሽቱ በቴሌቪዥን የሚታዩት የቀልድ ዝግጅት መሪዎች፥ ስማቸው የሚያከራክር የፖለቲካ ሰዎች እንግዳ ሆነው ሲመጡላቸው እንዴት እንደሚያነጋግሯቸው ነው። ዘመናቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ምናልባት «የባሕር ማዶ ቀልደኛ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በኒው ዮርክ ማታ የተነገረው ቀልድ በማግስቱ አዲስ አበባ ላይ በየሰው ስልክ ይታያል። በአገራችንም ቴሌቪዥኖች በዚሁ ሥርዓት ወንበርና ጠረጴዛ ዘርግተው፥ ሙዚቀኞች አሰልፈው እንግዳ የሚጋብዙ ዝግጅቶች ተመልካች አግኝተዋል። ሥርዓቱን ከተቀበልን ዘንድ ጥቅሙንና ጉዳቱን ለይቶ ማወቅ ይገባናል።

ዝግጅቱ የሚመራበት መንገድ የታወቀ ነው። ቀልደኛው ከጠረጴዛ በስተኋላ ይቀመጣል፤ ከጎኑ ለእንግዳው ወንበር ይዘጋጃል፤ ሙዚቀኞች በአንድ ወገን፥ ተመልካቾች በፊት ለፊት ይሆናሉ። ከእንግዶቹ የሚበዙት አዲስ ሥራቸውን ለማስተዋወቅ የሚመጡ ተዋንያንና ዘፋኞች ናቸው። «ቱናይት ሾው» የተባለው ዝግጅት በ1954 ከተጀመረ በኋላ ግን የፖለቲካ ሰዎች የዚህን ወንበር ጥቅም ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በ1960 ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ሚስተር ጆን ኬኔዲና ሚስተር ሪቻርድ ኒክሰን፥ ሁለቱም በየተራቸው በሚስተር ጃክ ፓር ፊት ቀርበዋል። ሚስተር ኒክሰን በዚያ ምርጫ ከተሸነፉ በኋላ በ1963 ተመልሰው ወደ ሚስተር ፓር መጡና ራሳቸው ያዘጋጁትን ዜማ በፒያኖ ተጫወቱ። በ1992 ደግሞ ሚስተር ቢል ክሊንተን ለምርጫ ሲወዳደሩ፥ በሚስተር አርሴንዮ ሆል ዝግጅት ላይ ጥቁር መነጽር አድርገው ሳክስፎን ነፉ።

በነዚህ ጨዋታዎች ነውር የለባቸውም። ሰው የሚገዛውን ሰው ጠባይ ለማየት መፈለጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ፒያኖ የሚጫወተውን ሰው ስለ ግብር ምን እንደሚያስብ በዚያች ሰዓት ማንም አይጠይቀውም። የፖለቲካ ሰዎች ወደዚህ ወንበር የሚመጡት ለሳቅ ፍቅር ብቻ አለመሆኑ ከዚሁ ይታወቃል፤ በጋዜጠኛ ፊት የማያገኙትን ነገር፥ ማለትም ያለ ጥያቄ መወደድን፥ ፈልገው ነው።

እዚህ ላይ ቀልደኛው በሁለት ግዴታ መካከል ይያዛል። ባለቤት ነውና እንግዳውን ማክበር አለበት፤ እንግዳን በገዛ ቤት ማዋረድ በእኛም ዘንድ ሆነ በእነርሱ ዘንድ ነውር ነው። በሌላ ወገን ደግሞ እንግዳው የሕዝብን ሥልጣን የያዘ ወይም የሚሻ ሰው ስለ ሆነ፥ ሕዝብ ቢያገኘው ሊጠይቀው የሚፈልገውን ነገር የመጠየቅ ግዴታ አለበት። የእነዚህን ሰዎች ሥራ የምንመዝነው ሁለቱን ግዴታዎች እንዴት እንዳስታረቁ በማየት ነው።

በሴፕቴምበር 15 ቀን 2016፥ ምርጫው ሁለት ወር ሳይሞላው፥ ሚስተር ዶናልድ ትራምፕ በሚስተር ጂሚ ፋለን ዝግጅት ላይ ቀረቡ። በዚያ ሰሞን ጋዜጦቹ ሁሉ፥ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በአሜሪካ አልተወለዱም በማለት ሚስተር ትራምፕ ለዓመታት ያሰሙትን ክስ አሁንም ያምኑበት እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። ሚስተር ፋለን ግን ጠጉርዎን ላመሰቃቅለው ወይ ብለው ጠየቁ፤ እንግዳውም ፈቀዱ፤ እርሳቸውም አመሰቃቀሉት። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። በማግስቱ፥ በሴፕቴምበር 16 ቀን፥ ሚስተር ትራምፕ በሌላ ስብሰባ ላይ ሚስተር ኦባማ በአሜሪካ መወለዳቸውን በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። ያ ንግግር እንዴትና ለምን እንደ ተለወጠ ለመጠየቅ ከቀልደኛው ወንበር የተሻለ ስፍራ አልነበረም፤ አጋጣሚው ግን በጠጉር ጨዋታ አለፈ።

ይህን ቅጂ ከሥራ ሰዓት በኋላ ከባልደረቦቻችን ጋር ሆነን ባየነው ጊዜ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ከመካከላችን አንዱ «ለመሆኑ ሰውየው ምን ተጠየቁ?» ቢል መልስ የሰጠ አልነበረም። ትዝ ያለን ጠጉራቸው ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የተጀመረው ከዚያች ጥያቄ ነው ብንል ሐሰት አይሆንም።

ስለ ሚስተር ፋለን የሚከራከሩ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ቀልደኛ ጋዜጠኛ አይደለም፤ ሰው ቀኑን ሙሉ የፖለቲካ ጭቅጭቅ ሲሰማ ውሎ ማታ ጥቂት ዕረፍት ይሻል፤ ሁሉም ዳኛ ከሆነ ማን ያጫውታል ይላሉ። እኛም ቀልደኛውን ስለ ቀልዱ አንነቅፈውም። ዕረፍት የሚሻ ሕዝብ ያለበት ዝግጅት ግን ተዋናይ ይጋብዝ፥ ዘፋኝ ይጋብዝ። ሕዝብ ድምፅ ሊሰጥ ሳምንታት ሲቀሩት የሥልጣን ተወዳዳሪን የጋበዘ ሰው፥ ወደደም ጠላም የፖለቲካ ሥራ ሠርቷል። አለመጠየቅም በዚያች ሰዓት ገለልተኝነት አይደለም፤ ለእንግዳው የሚሰጥ ስጦታ ነው። ሚስተር ፋለንም በ2018 ስሕተት መሥራታቸውንና ዳግመኛ ቢሆን ነገሩን በሌላ መንገድ እንደሚያደርጉት ተናግረዋል። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሚስተር ትራምፕ ይህን ጸጸት ሰምተው በትዊተር ገጻቸው ወቀሷቸው። ሁሉንም ለማስደሰት የተነሣው ባለቤት በመጨረሻ ተመልካቹንም እንግዳውንም አስቀየመ።

ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በሴፕቴምበር 22 ቀን 2015፥ ያው እንግዳ በሚስተር ስቲቨን ኮልቤር ፊት ቀርበው ነበር። ሚስተር ኮልቤር የመረጡት ዘዴ ልዩ ነው። አስቀድመው፥ ስለ እንግዳቸው ቀደም ባሉት ዓመታት ለተናገሩት ክፉ ቃል ይቅርታ ጠየቁ። ቀጥለውም፥ እርስዎስ ይቅርታ የሚጠይቁት ሰው አለዎትን አሏቸው። መልሱ የለም የሚል ነበር። ስለ ሚስተር ኦባማ የትውልድ ስፍራም ጥያቄ አቀረቡ፤ እንግዳው ስለዚህ ነገር መናገር ትቻለሁ ብለው አለፉት። መልሱ ባይገኝም ጥያቄው ተጠይቋልና፥ መሸሹ ራሱ በሕዝብ ፊት ታየ። ከጠየቁ በኋላ መልስ ማጣትና መጀመሪያውኑ ሳይጠይቁ መቅረት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በመጀመሪያው ተመልካቹ አንድ ነገር ተምሮ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ስቆ ብቻ ይሄዳል።

ከዚያች ምሽት በፊት በነበረው ምሽት ደግሞ የሚስተር ኮልቤር እንግዳ የቴክሳሱ ሴናተር ሚስተር ቴድ ክሩዝ ነበሩ። ሴናተሩ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገንን ሲያመሰግኑ፥ ሚስተር ኮልቤር፥ ሬገን ግብር መጨመራቸውንና ያለ ፈቃድ ለገቡ ስደተኞች ምሕረት ማድረጋቸውን አንሥተው፥ በዚህስ ይስማማሉ ወይ ብለው ጠየቁ። ይህ የሚያሳየው ጥያቄው አስቀድሞ ተጠንቶ መዘጋጀቱን ነው፤ እንግዳው በሚያመሰግኑት ሰው ሥራ ተጠየቁ እንጂ አልተሰደቡም። ኋላም ሴናተሩ ስለ ጋብቻ ሕግ ሲናገሩ ተመልካቹ ማንጓጠጥ ቢጀምር፥ ሚስተር ኮልቤር ሰውየው እንግዳዬ ናቸውና እባካችሁ አታንጓጥጧቸው ሲሉ የገዛ ወዳጆቻቸውን ገሠጹ። ሁለቱ ግዴታዎች ሊታረቁ እንደሚችሉ ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ መፈለግ አያሻም። ጥያቄው የጠነከረ፥ ቤቱ ግን የተከበረ ነበር።

ይህን ያልነው ከሚስተር ፋለን ስሕተት በተቃራኒ ሌላ ስሕተት ስላለ ነው። አንዳንዱ ቀልደኛ ጀግንነት ማለት እንግዳን ማዋረድ ይመስለዋል። በፊቱ የተሰበሰቡት ሰዎች የእርሱ ወገን ስለ ሆኑ ለያንዳንዱ ስድብ ያጨበጭባሉ፤ እንግዳውም የተበደለ መስሎ ይወጣል፤ ደጋፊዎቹም ቁጣቸው ይጨምራል። የወዳጅ ጭብጨባ እውነተኛ ፈተና ስላልሆነ፥ እንዲህ ያለው ድፍረት ምንም ዋጋ አላስከፈለም፤ ስለዚህ ድፍረት ሊባል አይገባውም። ስድብ ለመመለስ ቀላል ነው፤ በማስረጃ የተደገፈ ጥያቄ ግን መልስ ይጠይቃል።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ የላቀው ሥራ የሚስተር ዴቪድ ሌተርማን ነው። በሴፕቴምበር 24 ቀን 2008 የሪፐብሊካን ተወዳዳሪ የነበሩት ሴናተር ጆን ማኬይን፥ በገንዘብ ቀውሱ ምክንያት በአስቸኳይ ወደ ዋሽንግተን መሄዴ ነው ብለው ቀጠሯቸውን ሰረዙ። በዚያችው ሰዓት ግን እዚያው ኒው ዮርክ ውስጥ በዜና ክፍል ለሌላ ጥያቄና መልስ ሲዘጋጁ ሚስተር ሌተርማን በምስል አግኝተው ለተመልካቾቻቸው አሳዩ። ሴናተሩ በኦክቶበር 16 ቀን ተመልሰው ሲመጡ ማጥፋታቸውን አመኑ፤ አዳራሹም ሳቀ። ሌላ ቀልደኛ ቢሆን በዚህ ዕርቅ ደስ ብሎት ነገሩን ይዘጋው ነበር። ሚስተር ሌተርማን ግን ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። ለምክትልነት ስለ መረጧቸው ስለ ወይዘሮ ሳራ ፔሊን ብቃት ጠየቁ። ወይዘሮዋ ሚስተር ኦባማን ከአሸባሪዎች ጋር በመወዳጀት መክሰሳቸውን ካነሡ በኋላም፥ በዋተርጌት ወንጀል ከተፈረደበት ከጎርደን ሊዲ ጋር እርስዎ ራስዎ ትውውቅ የለዎትም ወይ አሉ። ጥያቄው በትሕትና ድምፅ የተነገረ ቢሆንም ማምለጫ አልነበረውም። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ማለት ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ለቀልድ ከዐቅሙ በላይ ሸክም ልንጭንበት አንሻም። በጃንዋሪ 2010 ሚስተር ጆን ስቱዋርት፥ በ2002 እስረኞች በኃይል የሚመረመሩበትን ሁኔታ የሚፈቅድ የሕግ አስተያየት የጻፉትን የሕግ ሊቅ ሚስተር ጆን ዩን አነጋገሩ። ሚስተር ስቱዋርት ጽሑፉን ያጠኑ፥ በነገሩም ከልብ የሚያዝኑ ሰው ነበሩ። እንግዳው ግን በለዘበ አንደበት እያንዳንዱን ጥያቄ ወደ ሕግ ትርጓሜ እየመለሱ አመለጡ። በማግስቱ ሚስተር ስቱዋርት በዚያው መድረክ ላይ እንዳልተሳካላቸው ለተመልካቾቻቸው ተናገሩ። ይህ ኑዛዜ ያስከብራቸዋል። ለእኛም ትምህርት ይሆነናል፤ ቀልደኛ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ምስክር ማስማል፥ ሰነድ ማስቀረብ አይችልም። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊያደርግ የሚችለው እንግዳው ሊሸሽ የሚፈልገውን ነገር ለሕዝብ ማመልከት ነው። ይህንም ካደረገ ድርሻውን ተወጣ እንላለን።

ይህ ሚዛን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስለ አለቃ ገብረ ሐና የሚነገሩትን ወጎች ስናስታውስ፥ የምንስቀው በድኻው ኪሳራ አይደለም፤ የአለቃ ቅኔ የሚወጋው ብዙውን ጊዜ ባለጠጋውንና ባለሥልጣኑን ነው። በአዝማሪም ዘንድ እንዲሁ ነው። በመኳንንት ግብር ላይ ቁጭ ብሎ እየበላ እየጠጣ፥ በሰሙ አመስግኖ በወርቁ የሚወቅሰውን አዝማሪ ሕዝብ ያከብረዋል፤ ሰሙን ብቻ የሚያዜመውን ግን ለማኝ ይለዋል። የሰጡትን መብላቱ አላስነቀፈውም፤ ያስነቀፈው በበላበት ቤት ወርቁን መርሳቱ ነው። የአሜሪካ የምሽት ቀልደኞችም በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ የሚበደሉ አይመስለንም።

እንግዲህ ስለ ባለቤቶቹ ይህን ያህል ካልን፥ ስለ ተመልካቹም አንድ ቃል መጨመር ይገባናል። ቀልደኛው የሚሠራው ተመልካቹ የሚወደውን ነው። ጠጉር ሲመሰቃቀል የሚያጨበጭብ ሕዝብ፥ ነገም ሌላ ጠጉር እንዲመሰቃቀልለት ይደረጋል። የምናስተምር መምህራንም፥ የምንማር ተማሪዎችም፥ በመሥሪያ ቤት የምናገለግል ሠራተኞችም እንዲህ ያለውን ጨዋታ በምናይበት ጊዜ ሳቃችንን መከልከል አያስፈልገንም፤ መሳቅ መልካም ነው። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ባልደረባችን ያቀረባትን አጭር ጥያቄ እንድናቀርብ እንለምናለን፤ ለመሆኑ ሰውየው ምን ተጠየቁ? ምንስ መለሱ? ለዚህ መልስ ያገኘን እንደ ሆነ ቀልደኛው ሥራውን ሠርቷል። ያላገኘን እንደ ሆነ ግን፥ ያን ምሽት የተሠራው የእንግዳው ሥራ ነው።