ቶሎ የመጣ ውህደት

ሁለት የስብ ከረጢቶችን በኮምፒውተር ውስጥ አጠጋግቶ ማዋሐድ ዛሬ ብርቅ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ማሪንክና ማርክ በኔዘርላንድስ፣ ግሮኒንገን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ካሳዩት ወዲህ ብዙዎቻችን ሠርተነዋል። እኔን አሁንም እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ የከረጢቶቹ ሽፋኖች የተዋሐዱት በባሕርያቸው ነው ወይስ እኔ ስላመቻቸሁላቸው?

ነገሩን የሚወስነው በሽፋኖቹ መካከል ያለው ውሃ ነው። የሴል ሽፋን ከ4 እስከ 5 ናኖሜትር የሚወፍር ድርብ የሊፒድ (የስብ) ንጣፍ ነው፤ ውሃ ወዳድ ራሶቹ ወደ ውጭ፣ ውሃ የሚሸሹት ጭራዎቹ ወደ ውስጥ ዞረዋል። ራሶቹ ውሃውን አጥብቀው ስለሚይዙት፣ ሁለት ሽፋኖች ሲቀራረቡ በመሃላቸው ያለው ስስ ውሃ በቀላሉ አይወጣም። ከወጣ በኋላ ግን ጥቂት ጭራዎች ወደ ማዶ ይሻገራሉ፤ ፊት ለፊት ያሉት ንጣፎችም በቀጭን አንገት ይያያዛሉ። ተመራማሪዎቹ ኮዝሎቭና ማርኪን እ.ኤ.አ. በ1983 በስሌት ያቀረቡት አንገት ይህ ነው። ቀጥሎ የውስጥ ንጣፎች ይገናኛሉ፣ ቀዳዳ ይከፈታል።

ይህን ሁሉ በኮምፒውተር አቶም በአቶም መከታተል አቅም ይጨርሳል። አንዱ እርምጃ 2 ፌምቶሰከንድ ስለሆነ፣ 1 ማይክሮሰከንድ ለማየት 500 ሚሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ማርቲኒ የተባለውን ሞዴል እንጠቀማለን፤ እሱ በአማካይ አራት ከባድ አቶሞችን እንደ አንድ ዶቃ ይቆጥራል። አራት የውሃ ሞለኪውሎችም አንድ ዶቃ ይሆናሉ። ለፍጥነት ስንል ያደበዘዝነው፣ እንግዲህ፣ ዋናውን ጉዳይ የሚወስነውን ውሃ ነው። በዚያ ላይ ስሌቱ እንዲቀልልን ከረጢቶቹን እናሳንሳለን፤ ትንሽ ከረጢት ደግሞ በጣም ስለሚጎብጥ ገና ከመነሻው ለውህደት የተመቸ ነው።

ውህደቱ እኔ ስላመቻቸሁት ብቻ የመጣ መሆን አለመሆኑን ለመለየት የምተማመንበት ፈተና ላይሶሊፒድ ነው። ይህ ሞለኪውል ያለው አንድ ጭራ ብቻ ስለሆነ ራሱ ከጭራው ይሰፋል፤ ቅርጹም ከአንገቱ ጉብጠት ጋር አይስማማም። በሚነካኩት ንጣፎች ላይ ሲጨመር ውህደትን እንደሚያግድ በቤተ ሙከራ በሚገባ ታውቋል። በሞዴሌ ላይ ጨምሬው ውህደቱ ካልዘገየ፣ የስሌቱ ፊልም የቱንም ያህል ቢያምር እጥለዋለሁ። ራሱ ትንሽ የሆነው ፎስፋቲዲልኤታኖላሚን የተባለው ሊፒድ በአንጻሩ ውህደቱን ማፋጠን አለበት።

ይህ ጥንቃቄ ከኮምፒውተር ውጭም ትርጉም አለው፤ ኢንፍሉዌንዛም ሆነ ኤችአይቪ ሴል ውስጥ የሚገቡት በሽፋን ውህደት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው ኤንፉቨርታይድ የተባለው መድኃኒትም ኤችአይቪን የሚዋጋው ይህንኑ ውህደት በማገድ ነው። ወደዚህ ሙያ የምትመጡ ወጣቶች፣ ውጤታችሁን ነገ መድኃኒት የሚቀምም ሰው ሊመረኮዝበት ይችላል። ስሌቱን በተለያየ መነሻ ፍጥነት ደጋግሙት፤ ላይሶሊፒዱን ጨምሩበት፤ ያልተዋሐዱትንም ከተዋሐዱት ጋር አብራችሁ አሳትሙ።