የቀጭኔዋ ልደት

ቤት ውስጥ በእጅ የሚሰናዳ የልጆች ልደት ነፍሴ ነው፤ በተለይ አንድ ነገር ተመርጦ ጌጡም ጨዋታውም በእሱ ዙሪያ ሲሆን። ከሁሉ የምወደው የቀጭኔ ልደት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በቴሌቪዥን የጀመረውን የልጆች ፕሮግራም «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ላየ ልጅ ቀጭኔ ቤተኛ ናት፤ ፀሐይም ራሷ በእጅ የምትንቀሳቀስ፣ ከካልሲ የተሠራች የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥንዱ የጠፋበት ቢጫ ካልሲ ይፈለጋል። ሁለት የሸሚዝ ቁልፎች ለዓይን ይሰፉበታል፤ ነጠብጣቡ ከቡናማ ጨርቅ ቁራጭ ይወጣል። ባለልደቱ ልጅ ዋዜማውን እናቱ አጠገብ ተቀምጦ «ዓይኗ ተንሻፈፈ፣ እንደገና ስፊው» እያለ ሲያዝዝ ማየት ለእኔ ከበዓሉ ይበልጣል። የተገዛ ጌጥ ይህን ከየት ያመጣል?

ግድግዳው ላይ ደግሞ ከካርቶን ተቆርጣ፣ ከደብተር መለበጃ የተረፈ ካኪ ወረቀት የተለጠፈባት ትልቅ ቀጭኔ ትቆማለች። ልጆቹ ዓይናቸው በሻሽ እየታሰረ ተራ በተራ ጭራዋን ሊለጥፉላት ይሞክራሉ። ጭራው ጆሮዋ ላይ ሲያርፍ ቤቱ በሳቅ ይናወጣል።

ክሬም የተቀባ ኬክ ባይኖር ግድ የለም። በኮባ የተጋገረ ድፎ ላይ ሻማ ያምራል፤ ፈንዲሻውም ልጆቹ ራሳቸው ቀለም በቀቡት የወረቀት ጥቅልል ይታደላል። ማታ ሲለያዩ እያንዳንዱ እንግዳ የካልሲ ቀጭኔውን እጁ ላይ አጥልቆ፣ መንገዱን ሙሉ እያናገራት ይሄዳል።