ጥርጣሬ ማስረጃ አይሆንም



ከአዳማ ተነሥታችሁ በሞጆ በኩል ወደ ዝዋይ ስትጓዙ አውቶቡሱ ኬላ ላይ ቆመ እንበል። ፈታሹ መታወቂያ ይሰበስባል። የአንዱን ተሳፋሪ ስም ያነብና «አንተ ውረድ!» ይላል። ሰውየው ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ የለም፤ የማን ወገን እንደሆነ ብቻ ታየ። እኛስ አንገታችንን ደፍተን እንቀመጣለን?

ነገሩ ከምሳሌ ያለፈ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በጥርጣሬ ማሰር ተፈቀደ። በአዲስ አበባ በርካታ የትግራይ ተወላጆች ተያዙ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ መምሰሉ እንዳሳሰበው ገለጸ። አዋጁ በየካቲት 2014 ተነሣ። ሰውን በወገኑ የመጠርጠር ልማድ ግን ከአዋጅ ጋር አብሮ አይነሣም።

የዚህን ሕመም እኛ ሙስሊሞች እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት ወዲህ በየአገሩ አውሮፕላን ማረፊያ ጢም፣ ሒጃብና ሙሐመድ የሚል ስም ለጥርጣሬ በቂ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። በእኛ ላይ ሲሆን «ግፍ ነው» ያልነውን በጎረቤታችን ላይ ሲሆን «ጥንቃቄ ነው» ልንለው አይገባም።

«የአገር ጸጥታ ይቀድማል» የሚሉ አሉ። ፍተሻማ ያስፈልጋል፤ ሁሉም እኩል ይፈተሽ፤ ማስረጃ የተገኘበትም ይጠየቅ። ፈታሹ ዘር ሲመለከት ግን ሥራን ማየት ይተዋል፤ እውነተኛው ጥፋተኛ ከሌላ ወገን ከሆነ በሰላም ያልፋል።

ሱረቱ ኒሳእን ከ105ኛው አንቀጽ ጀምራችሁ አንብቡ። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚያወሱት፣ በመዲና የብረት የጦር ልብስ ተሰርቆ ጥፋቱ በአንድ አይሁዳዊ ላይ ተላከከ። ሌባው ግን ከሙስሊሞች ጋር የሚቆጠር ነበር፤ ዘመዶቹም ተሟገቱለት። ወሕይ ወርዶ አይሁዳዊውን ነጻ አወጣው። ሙስሊሞች በጠላት በተከበቡበት በዚያ ዘመን እንኳ አላህ (ሱ.ወ.) ወገንን ማስረጃ አላደረገውም።

ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 25 ሰውን በብሔሩና በሃይማኖቱ መለየትን ከልክሏል። ነገር ግን በልጆቻችን ፊት «እነዚያ ሁሉም እንዲህ ናቸው» ባልን ቁጥር ኬላውን የምንተክለው ከገዛ ቤታችን ነው።

አላህ ለራሳችን የምንሻውን ፍትሕ ለሌላውም የምንመሰክር ያድርገን። አሚን።