ሁለት ደብዳቤዎችና አንድ ፊልም

ታሪክን በመጽሐፍ ያነበበ ሰው የሞቱትን ሰዎች በስምና በሥራ ያውቃቸዋል፤ መልካቸውንና ድምፃቸውን ግን አያውቅም። ይህን ጉድለት እሞላለሁ ብሎ የተነሣው ጥበብ ዘጋቢ ፊልም የሚባለው ነው። ስለዚህ ጥበብ ለወጣት አንባቢዎች ያለኝን አሳብ ስገልጽ፥ ብዙ ፊልም ከመቍጠር አንዱን ይዞ መመርመር ይሻላል ብዬ ኬን በርንስ የተባለው አሜሪካዊ ስለ አገሩ የእርስ በርስ ጦርነት የሠራውን መርጫለሁ። ዓመቱን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ይህ ፊልም በ1990 በመስከረም ወር በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን በአምስት ተከታታይ ምሽቶች ታየ። ዘጠኝ ክፍል አለው፤ ርዝመቱም ከ10 ሰዓት በላይ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ አለቀስሁ፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ምን እንዳስለቀሰኝ ለማወቅ ተቀመጥሁ።

የፊልሙ ሠሪ የገጠመው ችግር ቀላል አልነበረም። ጦርነቱ ከ1861 እስከ 1865 ሲደረግ ተንቀሳቃሽ ፊልም ገና አልተፈጠረም። ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ፤ ነገር ግን መሣሪያቸው አንድ ሥዕል ለመያዝ ብዙ ሰኮንድ ይፈጅበት ስለ ነበረ የሚሮጠውን ፈረስና የሚተኩሰውን ወታደር ሊይዝ አልቻለም። ስለዚህ የቀረልን ከውጊያው በፊት ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው፥ ከውጊያው በኋላም የወደቀ ሬሳ ነው። በርንስ ካሜራውን በእነዚህ ዝም ባሉ ፎቶግራፎች ላይ ቀስ እያደረገ ያስኬደዋል። ከጫማው ተነሥቶ ወደ እጁ፥ ከእጁም ወደ ዓይኑ ይወጣል። ከዚያም ሟቹ የጻፈው ደብዳቤ በሰው ድምፅ ይነበባል። ፎቶግራፉ አልተነቃነቀም፤ የተነቃነቀው የተመልካቹ ልብ ነው።

ከዚህ ሁሉ በሰው ልብ የቀረው የሻለቃ ሰሊቫን ባሉ ደብዳቤ ነው። ባሉ የሮድ አይላንድ ሰው፥ በሥራው ጠበቃ፥ የሁለት ወንዶች ልጆች አባት ነበረ። በሐምሌ 14 ቀን 1861 ለሚስቱ ለሣራ ጻፈላት፤ አገሩን መውደዱና እሷን መውደዱ እንዴት በአንድ ልብ ውስጥ እንደሚታገሉ ነገራት። ከሳምንት በኋላ በቡል ረን ውጊያ ቈስሎ፥ ያው ወር ሳያልቅ በ32 ዓመቱ ሞተ። ደብዳቤው በፖስታ አልተላከም፤ ከሣጥኑ ውስጥ ተገኘ። ሣራም እስከ 1917 ኖረች፤ ሌላ ባል አላገባችም። ይህን ሰምቶ የማያዝን ሰው ያለ አይመስለኝም።

በሁለተኛው ጊዜ ግን ሌላ ነገር አስተዋልሁ። ደብዳቤው ሲነበብ ከሥሩ አንድ ቫዮሊን ያለቅሳል። የዚያ ዘመን ሰዎች በእሳት ዳር የሚጫወቱት ዜማ መስሎኝ ነበር። ሳጠያይቅ ግን ጄይ አንጋር የተባለ ሙዚቀኛ በ1982 የደረሰው፥ የአንድ የሙዚቃ ሰፈር መዝጊያ የስንብት ዜማ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ እንደ ተታለልሁ ሆኜ ተቈጣሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ቍጣዬ ከልክ ያለፈ ነበር፤ ዜማ ስለ ዕድሜው ምሎ አልነገረኝምና። ደግሞም ማታለል ከፊልም ጋር የመጣ አይደለም። አሌክሳንደር ጋርድነር በ1863 በጌቲስበርግ ካነሣቸው ፎቶግራፎች በአንደኛው ላይ የሚታየው የደቡብ ወታደር ሬሳ፥ ለሥዕሉ ውበት ሲባል ከወደቀበት ተነሥቶ ወደ ድንጋዩ ምሽግ የተወሰደ እንደ ሆነ ዊሊያም ፍራሳኒቶ በ1975 ገልጧል።

እኔ በዜማው ላይ የማቀርበው ክስ ሌላ ነው። ቫዮሊኑ ለሁሉም እኩል ያለቅሳል። ባሪያን ነጻ ለማውጣት ለሞተውም፥ ባርነትን ለማጽናት ለሞተውም ድምፁ አንድ ነው። ሐቁን ለመናገር፥ ፊልሙ የጦርነቱ ሥር ባርነት እንደ ሆነ አልደበቀም፤ የታሪክ መምህርቷ ባርባራ ፊልድስ ይህን በግልጽ ታስረዳለች። ነገር ግን የሚሲሲፒው ተወላጅ ደራሲ ሼልቢ ፉት ጣፋጭ ወሬውን እያወራ ከእሷ እጅግ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። መጨረሻውም የ1913 የጌቲስበርግ በዓል ነው። ከ50 ሺህ የሚበልጡ ሽማግሌዎች፥ የሰሜኑም የደቡቡም፥ ተገናኝተው እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ። በሰሜኑ ሠራዊት ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ጥቁሮች ተሰልፈው ነበር፤ በዚያ መጨባበጥ ውስጥ ግን ቦታ አልነበራቸውም ለማለት ይቻላል። የታሪክ ሊቁ ኤሪክ ፎነር ይህን አጨራረስ ነቅፎታል፤ እኔም ነቀፌታው ትክክል ነው እላለሁ። ወንድማማቾች ታረቁ የሚባለው ሦስተኛው ወንድም በር ላይ ቆሞ ሳለ ነውን?

ደብዳቤ ደግሞ ጽሕፈት ያወቀ ሰው ብቻ የሚተወው ነገር ነው። በብዙ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ባሪያን ፊደል ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር። እንግዲህ ታሪክን በደብዳቤ ሕያው አደርጋለሁ የሚል ሰው፥ ሳያውቀው የዚያን ሕግ ፍርድ ሁለተኛ ጊዜ እንዳይፈጽም መጠንቀቅ አለበት።

ስፖትስዉድ ራይስ በሚዙሪ ባሪያ የነበረ፥ ኋላም የሰሜን ወታደር የሆነ ሰው ነው። በመስከረም 3 ቀን 1864 በሴንት ሉዊስ ከሚገኝ የወታደር ሆስፒታል ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። አንደኛው በባርነት ለቀሩት ልጆቹ ነው፤ ከወታደሮች ጋር መጥቼ እወስዳችኋለሁ፥ አይዟችሁ ይላቸዋል። ሁለተኛው ልጁን ሜሪን ለያዘችው ለኪቲ ዲግስ ነው። ቀድሞ ስለ ልጁ 40 ዶላር ሊከፍላት ጠይቋት እንደ ነበረ፥ አሁን ግን ባለመቀበሏ ደስ እንዳለው ይነግራታል፤ የራስን ሥጋና ደም መውሰድ ስርቆት አይደለምና። ፊደሉ የተጣመመ ነው። ቫዮሊን አያስፈልገውም።

ይህ ደብዳቤ እንዴት እንደ ተረፈ ባወቅሁ ጊዜ ደነገጥሁ። የባሉን ደብዳቤ ያቈየው የቤተ ሰቡ ፍቅር ነው። የራይስን ያቈየው ግን ክስ ነው። የኪቲ ወንድም በደብዳቤዎቹ ተቈጥቶ፥ ይህ ጥቁር ከሚዙሪ ይባረርልን ብሎ ለጄኔራል ሮዝክራንስ ሲያመለክት እንደ ማስረጃ አያይዞ ላካቸው። እንዲህ ሆኖ ከጦር ሠራዊቱ መዝገብ ገቡ። ጠላቱ ዝም ብሎ ቢያቃጥላቸው ኖሮ ዛሬ እነዚህን ደብዳቤዎች የሚያነብ አይኖርም ነበር።

ከ1936 እስከ 1938 የአሜሪካ መንግሥት ጸሐፊዎችን ልኮ፥ በባርነት የኖሩ ከ2,300 የሚበልጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቃላቸው እንዲጻፍ አድርጎ ነበር። ጠያቂዎቹ አብዛኛዎቹ ነጮች ስለ ነበሩ፥ ተጠያቂዎቹ ብዙ ነገር ውጠው እንደሚናገሩ ያነበበ ሁሉ ይረዳዋል። በሴንት ሉዊስ በ1937 ከተጠየቁት አንዷ ሜሪ ቤል ትባላለች፤ የ85 ዓመት አሮጊት ነበረች። የኪቲ ዲግስ ባሪያ ሆና እንደ ተወለደች፥ የሌላ ጌታ ባሪያ የነበረው አባቷም እናቷን የሚጎበኘው በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ፥ ረቡዕና ቅዳሜ እንደ ነበረ፥ ማንበብንም ያስተማረው የጌታው ልጅ እንደ ነበረ ተናገረች።